እጩውን ማን ጠራው?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ስለ ፓርቲ ፖለቲካ የተተረተ ይመስላል። አንድ ፓርቲ በተሸነፈ ማግሥት፣ ያን ሰው ባናቀርብ ኖሮ፣ ያችኛዋን ብንተው ኖሮ እያለ የማይጮህ የለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የአሜሪካ ዴሞክራት ፓርቲ ከተሸነፈ ወዲህ ይኸው ጩኸት በእኛም ምግብ ቤት ገበታ ላይ ሳይቀር ተሰምቷል። ክርክሩን አንጠላም። ዳሩ ግን ሁሉም የሚጠይቀው «ማን ቢቀርብ ያሸንፍ ነበር?» ብሎ ነው እንጂ «የቀረበውን ማን ጠራው?» ብሎ አይደለም። በእኛ አስተያየት የሚሻለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ለዚህም ከ2024 ይልቅ የ1968 ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል።

በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የቬትናም ጦርነት ከብዷቸው ነበር። ማርች 12 ቀን በኒው ሃምፕሺር በተደረገው የፓርቲው ቅድመ ምርጫ ጦርነቱን የሚቃወሙት ሴናተር ዩጂን ማካርቲ ከመቶ 42 ድምፅ አገኙ። ጆንሰን በ49 ቢበልጡም፣ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት በገዛ ፓርቲው ውስጥ እንዲህ መገፋቱ እንደ ሽንፈት ተቆጠረ። ለማካርቲ በር እያንኳኩ የለመኑላቸው በብዛት ተማሪዎች ነበሩ፤ የአገሬውን ሰው እንዳያስደነግጡ ጠጉራቸውን ተከርክመው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ነበር የወጡት። (ጠጉሩን ለማንም የማይሰጥ ወንድማችን ሁሉ ይህን ልብ ይበል።) ወሩ ሳያልቅ ጆንሰን ዳግመኛ እንደማይወዳደሩ ለሕዝብ ተናገሩ። ከማካርቲ ቀጥሎ ወደ ውድድሩ ገብተው የነበሩት ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ የካሊፎርኒያን ምርጫ ባሸነፉበት ሌሊት በጥይት ተመትተው ጁን 6 ቀን ዐረፉ።

ታዲያ በኦገስት መጨረሻ ቺካጎ ላይ የተሰበሰበው የፓርቲው ጉባኤ ማንን መረጠ? ለአንድም ቅድመ ምርጫ ያልተወዳደሩትን ምክትል ፕሬዚዳንት ሁበርት ሐምፍሬይን። እርሳቸው 1,759 የልዑካን ድምፅ ሲያገኙ ማካርቲ ያገኙት 601 ብቻ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ቢሉ፣ ቅድመ ምርጫ የሚያደርጉት ግዛቶች በዚያን ጊዜ ከ15 አይበልጡም ነበር። በቀሩት ዘንድ ልዑክ የሚሰይሙት የግዛት ገዥዎች፣ ከንቲባዎችና የፓርቲው አለቆች ነበሩ፤ አንዳንዱ ልዑክማ የተሰየመው የምርጫው ዓመት እንኳ ሳይገባ ነው። ማካርቲም ሆኑ ኬኔዲ ከመነሣታቸው በፊት መሆኑ ነው። ሕዝቡ ሲከራከር፣ ፍርዱ አስቀድሞ ተጽፎ ኪስ ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

ሐምፍሬይ መናኛ ሰው እንዳልነበሩ መናገር ይገባናል። በ1948 በፊላዴልፊያው ጉባኤ ስለ ጥቁሮች መብት ተናግረው የደቡብ ልዑካንን ያስቈጡ፣ በ1964ም የሲቪል መብቱን ሕግ በሴኔት ውስጥ እየመሩ ያሻገሩ እርሳቸው ናቸው። ሰውዬውን በሥራቸው ብንመዝን ከብዙዎች ይበልጣሉ። ነገር ግን የቺካጎው ጉባኤ እርሳቸውን ሲመርጥ ጦርነቱን የሚያበርደውን የሰላም አንቀጽ 1,567 ለ1,041 በሆነ ድምፅ ጣለው፤ ኦገስት 28 ቀን ሌሊት ደግሞ ፖሊስ በሆቴሉ በር ላይ ወጣቶቹን ሲደበድብ አገር ሁሉ በቴሌቪዥን አየ። በኒው ሃምፕሺር በር ሲያንኳኩ የነበሩት ልጆች ከዚህ በኋላ ለሐምፍሬይ በር ያንኳኩ ዘንድ ማን ይለምናቸዋል?

እስቲ እኛም እንደ ሌላው ትንሽ እንጩህ። ሐምፍሬይ ሴፕቴምበር 30 ቀን በሶልት ሌክ ሲቲ ንግግር አድርገው በቦምብ ድብደባው ነገር ከጆንሰን ጥቂት ራቅ አሉ። ከዚያ በፊት ከሪቻርድ ኒክሰን በብዙ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ፣ በመጨረሻ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት ምርጫ የተሸነፉት በ500 ሺህ ያህል ብቻ ነው። ያን ንግግር ከአንድ ወር በፊት በጉባኤው ላይ ቢናገሩት ኖሮ ያሸንፉ ነበር እንላለን። ያልተናገሩትም ወደ እጩነት ያደረሷቸው መራጮች ሳይሆኑ አለቆች ስለነበሩ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው አበዳሪውን እያየ ነው የሚናገረው።

የአለቆች ወዳጆች ለዚህ መልስ አላቸው፤ መልሱም ቀላል አይደለም። ከቺካጎ በኋላ ፓርቲው የአመራረጡን ደንብ የሚያሻሽል ኮሚሽን አቋቋመ፤ ኮሚሽኑን በሊቀ መንበርነት መጀመሪያ የመሩት ሴናተር ጆርጅ ማክገቨርን ራሳቸው በ1972 በአዲሱ ደንብ እጩ ሆኑ። በ49 ግዛቶች ተሸነፉ፤ የቀረላቸው ማሳቹሴትስና ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ብቻ ነው። በአራት ዓመቱ ግን በዚያው በተከፈተው በር ብዙ ሰው የማያውቃቸው የጆርጂያው ጂሚ ካርተር ገብተው ፕሬዚዳንት ሆኑ። እንግዲህ የተከፈተ ምርጫ ድልን ዋስ አይጠራም፤ የተዘጋውም አይጠራም። ልዩነቱ ሌላ ነው። የማክገቨርን ደጋፊ ቢሸነፍም የተሸነፈው በራሱ ሰው ነው፤ የማካርቲ ደጋፊ ግን ገና ሳይወዳደር በገዛ ቤቱ ተዘጋበት።

ስለ 2024 የምንለው አጭር ነው። ጆ ባይደን ጁላይ 21 ቀን ሲተዉ ቅድመ ምርጫው አልቆ ነበር፤ ካማላ ሐሪስም ያለ ተቀናቃኝ ተተክተው የቀራቸው 107 ቀን ብቻ ነበር። በዚያ ሰዓት ሌላ ውድድር ይደረግ ማለት ቤት እየተቃጠለ ጭቃ ይቦካ ማለት ነው። ጥፋቱን የምንፈልገው በ2023 ነው፤ በፓርቲው ውስጥ አንድም ጠንካራ ሰው ፕሬዚዳንቱን ሊገዳደር ባልተነሣበት፣ ሊነሣ የሚያስበውም እንዲታገሥ በተመከረበት ጊዜ። የ1968ቱ በር በደንብ የተዘጋ ነበር፤ ይኸኛው ደግሞ በይሉኝታ።

ይህን ሁሉ የምናወራው ሥራ ፈተን አይደለም። በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ለማኅበራችን ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት እጩዎች ሁሉ በምክር ቤቱ ጠቋሚ ኮሚቴ ብቻ ይቅረቡ የሚል ሐሳብ ለድምፅ ይቀርባል። ሐሳቡን ያመጡት ወንድሞችና እኅቶች ምክንያታቸው ቅን ነው፤ አምና አሥራ አንድ እጩ ቀርቦ ድምፁ መበታተኑን እኛም አይተናል። ይሁን እንጂ ኮሚቴው ይጠቁም፣ ከዚያም ሌላ የመቶ ተማሪ ፊርማ ያመጣ ሁሉ ያለ ማንም ፈቃድ ይግባ የሚል አንቀጽ ካልተጨመረበት ይህች ጋዜጣ ሐሳቡን ትቃወማለች። ማሻሻያውን ጽፈን ለጸሐፊው ሰጥተናል፤ ስብሰባው ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው።