ስለ ተበከለ የሕፃናት ወተትና ስለ ወላጆች መብት

ሕፃን የሚቀርብለትን ምግብ መርምሮ ሊመርጥ አይችልም፤ ጕዳት ቢደርስበትም በዳኛ ፊት ቀርቦ ሊከስ አይችልም። ስለዚህ ሕግ ለሕፃናት በሚቀርበው ምግብ ላይ ከሌላው ንግድ ሁሉ ይልቅ ነቅቶ እንዲጠብቅ፥ ሹማምንትና ካህናትም ለሕፃኑ አፍ ሆነው እንዲናገሩለት የተገባ ነው።

በጣሳ ታሽጎ የሚሸጠው የዱቄት ወተት እናቱ ለሞተችበት ወይም በሕመም ምክንያት ጡት ላጣ ሕፃን የሚጠቅም ነው። ነገር ግን ዱቄቱ ከተዋሕስያን ፈጽሞ የነጻ አይደለም፤ ሳልሞኔላና ክሮኖባክተር የተባሉት ተዋሕስያን በፋብሪካ ሳለ ሊገቡበት ይችላሉ። ከዚህም ሌላ የሰው ስስት የሚያመጣው ክፋት አለ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. በቻይና አገር የወተቱ መቅጠን በምርመራ እንዳይታወቅ ሜላሚን የተባለ ነገር ስለ ተጨመረበት 6 ሕፃናት ሞተው 300,000 ያህል ታመሙ። ሳንሉ የተባለው ዋናው ኩባንያ ከሰረ፤ 22 ኩባንያዎችም ስለ ሞተ ሕፃን 200,000 ዩዋን፥ በጽኑ ስለ ታመመ 30,000 ዩዋን፥ በቀላል ስለ ታመመ 2,000 ዩዋን ካሣ ቈረጡ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የፈረንሳዩ የላክታሊስ ኩባንያ ወተት ሳልሞኔላ ስለ ተገኘበት ከ83 አገሮች 12 ሚሊዮን ያህል ጣሳ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። ትእዛዙ ከወጣ በኋላ እንኳ በፈረንሳይ ታላላቅ መደብሮች ወተቱ ሲሸጥ ተገኘ። ከዚህም የሚታወቀው፥ «ይሰበሰብ» የሚለው ቃል ብቻውን ጣሳውን ከእናትየው ቤት እንደማያወጣው ነው።

በሠለጠነው አገር እንዲህ ከሆነ ስለ ወረታና ስለ ፎገራ ሜዳ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። የፎገራ አገር በላሞቹ የታወቀ ስለ ሆነ በዚያ የሚወለድ ሕፃን የባዕድ አገር ጣሳ መጠበቁ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንደ ተባለው ነው። ሆኖም ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚወስዱት መንገዶች የሚለያዩባት ከተማ ስለ ሆነች ሸቀጥ ሁሉ ይደርስባታል። ሸቀጡ የሚደርስበትን ያህል የማስጠንቀቂያው ቃል ፈጥኖ አይደርስም፤ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ባጥለቀለቁ ጊዜ ደግሞ በቀበሌው ያለችው እናት ከከተማው ወሬ ትለያለች። እንግዲህ ጕዳት የደረሰበት ቤተ ሰብ በሕግ ምን መንገድ እንዳለው ማወቅ ይገባል።

የመጀመሪያው መንገድ ለጤና ጽሕፈት ቤትና ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማመልከት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 1112 ዐዋጅ የምግብን ደኅንነት የመቈጣጠርና ጕዳት የሚያመጣውን ከገበያ የማሰብሰብ ሥልጣንን ደንግጓል። አቤቱታው ለአንዱ ቤት ካሣ ባያመጣም የጎረቤትን ሕፃን ያድናል፤ በኋላም በፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል።

ሁለተኛው የወንጀል ክስ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ለጤና ጎጂ የሆነ ምግብ የሚሠራውን፥ የሚቀላቅለውንና የሚሸጠውን ይቀጣል። ተበዳዩም በ101ኛው አንቀጽ መሠረት የካሣ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ሊያቀርብ ይችላል።

ሦስተኛው የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2085ኛው አንቀጽ፥ ለትርፍ ብሎ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው እንደ ልማዱ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጕዳት ኀላፊ እንዲሆን አዝዟል። ጕድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ሲሆን ግን ከኀላፊነት ይድናል፤ ነገር ግን በታሸገ ጣሳ ውስጥ ያለውን ተዋሕስያን የትኛዪቱም እናት በዓይኗ ልታይ አትችልም። ፋብሪካው በባሕር ማዶ ሆኖ ሊደረስበት ካልተቻለ፥ አስመጪውና ነጋዴው በጥፋታቸው ሊከሰሱ ይችላሉ። ሕግን መተላለፍ በ2035ኛው አንቀጽ ራሱ ጥፋት ነውና፥ በሕግ የተከለከለውን ወተት የሸጠ ሰው «አላወቅሁም» በማለት ብቻ አያመልጥም። ለአንድ ጕዳት ኀላፊ የሆኑት ብዙዎች በሆኑ ጊዜም በ2155ኛው አንቀጽ በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ።

አስመጪው በአዲስ አበባ የሚኖር ስለ ሆነ ጕዳዩ የፌዴራል ነው ቢባልም፥ ሕገ መንግሥቱ በ80ኛው አንቀጽ የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን ለክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርቦ ሰጥቷል፤ ስለዚህ የወረታ ሰው በደብረ ታቦር ሊዳኝ ይችላል። የዳኝነት መክፈያ የሌለውም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ በ467ኛውና በተከታዮቹ አንቀጾች መሠረት ድኽነቱን አስረድቶ ሳይከፍል እንዲከስ ተፈቅዶለታል።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች መብቱን ያጠፉታል። አንደኛው ጊዜ ነው፤ በ2143ኛው አንቀጽ ክሱ ጕዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ የሚረዝመው ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ዘመን ያለው ወንጀል ሲሆን ነው። ሁለተኛው የማስረጃ ማጣት ነው። ተከሳሹ «የታመመው በወተቱ አይደለም፥ ወተቱ በተበጠበጠበት ውሃ ነው» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። የዓለም የጤና ድርጅት ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ሙቅ ውሃ እንዲበጠበጥ ስለ መከረ፥ በጎርፍ አገር ይህ ክርክር ቀላል አይሆንም። ለዚህ መልሱ የምርት ቍጥሩ የሚነበብበት ጣሳ፥ የተረፈው ዱቄት፥ የግዢው ደረሰኝና የሐኪም ወረቀት ነው። ጣሳውን በቍጣ የጣለ ወላጅ ምስክሩን ጥሏል።

ሕጉም ራሱ መታደስ የሚያስፈልገው ስፍራ አለው። የሕክምናና የቀብር ወጪ በልኩ ሲካስ፥ ስለ ልብ ሐዘን የሚሰጠው ካሣ በ2116ኛው አንቀጽ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህ ልክ በ1952 ዓ.ም. ክብደት ነበረው፤ ዛሬ ግን ልጇን ለቀበረች እናት ማጽናኛ ሊባል አይችልም። ሕግ አውጪዎች ይህን ቢመለከቱት መልካም ነው።

እስከዚያው ድረስ በእጅ ያለውን መሥራት ይገባል። የወረዳው ሹማምንት የማስጠንቀቂያው ቃል እንደ ደረሰ የምርት ቍጥሩን በአማርኛ ጽፈው በየሱቁና በየጤና ጣቢያው ይለጥፉ፤ ከነጋዴ የተሰበሰበውንም ጣሳ ቈጥረውና ፈርመው ይረከቡ። ሐኪሞች ሕፃኑ የጠጣውን ወተት ስምና ቍጥር በሕክምናው መዝገብ ይጻፉ። ካህናትም ወንዱን በ40 ቀን ሴቲቱን በ80 ቀን ሲያጠምቁ ሕፃኑንና እናቱን በአንድነት የሚያገኙ ናቸው። በዚያች ሰዓት እናት ስለምትሰጠው ምግብ ቢጠይቁ፥ የተከለከለ ወተት መኖሩንም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢናገሩ፥ ቃላቸው ከማናቸውም ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል። የነፍስ አባትም ልጁ ለታመመበት ቤት «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ ከማጽናናቱ ጋር «ጣሳውን አትጣሉ፥ ሁለት ዓመትም ሳያልፍ ለዳኛ አመልክቱ» ብሎ ቢመክር ከሃይማኖት የሚቃረን ነገር አይደለም።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ሕጉ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ፎገራ እናት ቤት የሚደርሰው ግን የሚያነቡት ሰዎች ለማያነቡት በነገሩ ጊዜ ነው።