ስለ እንጨት ቅርጽ ሥዕል፤ ለሚነቅፉት የተሰጠ መልስ

ይህን ቃል ለመጻፍ ያነሣሣኝ በመርሳ ከተማ በአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ያየሁትና የሰማሁት ነገር ነው። አንድ የሀብሩ ልጅ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብን ተምሮ በተመለሰ ጊዜ፣ በእንጨት ቀርጾ በወረቀት ያተመውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ለአዳራሹ ስጦታ አድርጎ አቀረበ። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ዓይኖቹ ግን ሰውን ይዘው አይለቁም። ከጉባኤውም መካከል አንድ የማከብራቸው አባት ብድግ ብለው «ይህ የጠራቢ ሥራ ነው፤ ብልሃቱም የፈረንጅ ነው፤ ደግሞስ ሺሕ ጊዜ የሚታተም ነገር ምን ክብር አለው?» አሉ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ዝም ካሉትም አንዱ እኔ ነበርሁ።

ልጁ ሥዕሉን ጠቅልሎ ሲወጣ በግድግዳው ላይ የቀረውን ልንገራችሁ። ከባሕር ማዶ የተቀዳ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ፣ ፀጉሩ ወርቅማ፣ ዓይኑ ሰማያዊ የሆነ ሥዕል ነው። ይህስ የታተመ አይደለምን? ስንት ሺሕ ጊዜ እንደ ታተመ የሚያውቀው ነጋዴው ብቻ ነው። እንግዲህ ክብር የነሣው ኅትመቱ ከሆነ፣ ስለ ምን አንዱን አባረርን፣ ሁለተኛውን ሰቀልን? የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 በሮም ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ማሳተም በጀመሩ ጊዜ (ይህንና ከዚህ በታች ያሉትን አብዛኞቹን ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ወንጌል በመታተሙ ክብሩ ጐደለን?

«የፈረንጅ ብልሃት ነው» ለተባለው ግን ጥቂት ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ፤ ብዙዎች በዚህ ይታለላሉና። በ1591 በሮም በሜዲቺዎች ማተሚያ ቤት አንድ የዐረብኛ ወንጌል ታትሞ ወጣ። ሥዕሎቹን የነደፈው አንቶኒዮ ቴምፔስታ የተባለ ሠዓሊ ነው፤ የታተሙትም በእንጨት ተቀርጸው ነው። ይህም መጽሐፍ ወደ አገራችን ደረሰና በ17ኛው መቶ ዓመት የጎንደር ሠዓልያን አዩት። አዩት እንጂ አልሰገዱለትም፤ ፊቱን የእኛ ፊት፣ ዓይኑን የእኛ ዓይን፣ ቀለሙን የእኛ ቀለም አድርገው በብራና ወንጌላቸው ላይ መልሰው ሣሉት። እንግዲህ ዛሬ «የአባቶቻችን ንጹሕ ሥዕል» እያልን ከምንስማቸው የጎንደር ወንጌሎች መካከል አያታቸው የእንጨት ኅትመት የሆነ አሉ። አባቶቻችን የባዕዱን ወስደው የራሳቸው አደረጉ፤ እኛ ግን የራሳችንን ልጅ ሥራ ባዕድ ብለን እናስወጣለን።

በዘመናችንም ይኸው ነገር ሁለተኛ ሆኗል። አቶ ዘሪሁን የትምጌታ በ1941 በአዲስ አበባ ተወለዱ። አቶ አለ ፈለገ ሰላም በእኛ አቈጣጠር በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲማሩ ከመምህሮቻቸው አንዱ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነበሩ፤ ሁለተኛው ሐንሰን ባሕያ ነው። ይህ ሐንሰን በሐምቡርግ የተወለደ፣ መርከበኛ የነበረ፣ ኋላም በብራዚል ተቀምጦ ባሕያ የሚባለውን አገር ስም ለራሱ ስም ያደረገ ጀርመናዊ ሲሆን፣ ከ1963 እስከ 1966 በአዲስ አበባ እንጨት ቀርጾ ማተምን አስተማረ። ዘሪሁን ብልሃቱን ከእርሱ ተቀበሉ፤ የቀረጹት ግን የሐምቡርግን ወደብ አይደለም። የብራናችንን መሥመር፣ የመስቀላችንን ሐረግ፣ የፊደላችንን ቅርጽ ወደ እንጨቱ አገቡት። ኋላም የሸማኔ መሣሪያ በሆነ የቀርከሃ ስንጥር ላይ ሣሉ። በ1989 ሥራቸው ከግርማይ ሕይወትና ከወርቁ ጎሹ ሥራ ጋር በስዊስ አገር በዙሪክ ታየ፤ በ1992 በዳካር የአፍሪካ ሠዓልያን በተሰበሰቡበት ተሸለሙ። በተማሩበትም ቤት መምህር ሆነው ለሌሎች አስተማሩ።

ስለ ዘሪሁን የሚነሣውን ሌላ ነቀፋ አልሸሽገውም፤ ይኸውም «የጠልሰም ክታብ ይሥላል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የክታቡ ዓይንና መልክ በሥራቸው ውስጥ አለ። ይህን እኔም በአንገት ታስሮ ባየው አልወደውም፤ ቤተ ክርስቲያንም አታዝዘውም። ነገር ግን ያንን ክታብ በሌሊት ተቀምጦ የጻፈው ማን ነበር? ከእኛው ከደብተሮች ወገን አይደለምን? ጽፈን የሸጥን እኛ፣ የሚነቀፈው ግን ለገበያ ሳይሆን ለማየት የሣለው! ሠዓሊው ክታቡን ከአንገት ፈትቶ በግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ በዚያ ሰው ያየዋል እንጂ አይፈራውም።

ከሁሉ ይልቅ የቈረቈረኝ ግን «የጠራቢ ሥራ» የሚለው ቃል ነው። በወሎ ምድር ይህ ቃል ቀላል አይደለም፤ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስንትና ስንት ዘመን ያሸማቀቀ ቃል ነው። እኛ የቅኔ ተማሮች በሰምና ወርቅ እንመካለን። ስሙን ከየት አመጣነው? ከአንጥረኛው ጎጆ አይደለምን? እርሱ በሰም ቅርጹን ሠርቶ፣ ሰሙን አቅልጦ፣ ወርቁን በስፍራው ያፈስሳል፤ መምህሮቻችንም ይህን አይተው ለቅኔ ስም አወጡ። እንጨት ቀራጩም እንዲሁ ነው። የቀናውን አግማሚ፣ የግራውን ቀኝ አድርጎ ይነድፋል፤ ፊደል ቢጽፍ ገልብጦ ይጽፋል። ነጭ የሚሆነውን በመሮ ይፈነቅላል፤ ጥቁር የሚሆነው ጉብ ብሎ ይቀራል፤ ቀለም ቀብቶ ወረቀቱን ሲጭንበት የተገለበጠው ይቃናል። እንጨቱ ሰም፣ ወረቀቱ ወርቅ ነው። በብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል በምላጭ ይፋቃል፤ ከእንጨት ላይ ያመለጠ መሥመር ግን አይመለስም። ይህን የሚሠራ እጅ የሚናቅ ነውን? ባስልኤል እንጨት ይቀርጽ ዘንድ መንፈስ ተሞላ እያልን እናስተምር የለምን? በመንበሩ ላይ ስላለውም ቅርጽ አልናገርም፤ የሚያውቅ ያውቃል። ደግሞም ከወልድያ ተነሥቶ ላሊበላ የሚወርድ ተሳላሚ የሚስመው ደጃፍ በመጥረቢያና በመሮ የወጣ ነው።

ሥዕሉ ወደ መቅደስ ይግባ አላልሁም፤ የመቅደሱ ሥዕል ሥርዓትና ቀለም አለው፤ እርሱም ይጠበቅ። እኔ የምናገረው ስለ አዳራሹ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ቤታችን ግድግዳ ነው። አንድ የሀብሩ ገበሬ ትልቅ ሥዕል አሥሎ ሊገዛ አይችልም፤ ከአንድ እንጨት ከወጡት ሠላሳ ወይም አርባ ቅጂዎች አንዱን ግን፣ ሠዓሊው በእጁ ቍጥርና ስሙን የጻፈበትን፣ ሊገዛ ይችል ይሆናል። አሁን የሚገዛው ያንን ሰማያዊ ዓይን ነው።

ለልጁ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም የሚወርደው ሕዝብ በወልድያና በመርሳ በሚያልፍበት ሰሞን፣ በአዳራሹ ደጃፍ ጠረጴዛ አኑረን የጊዮርጊስን ሥዕል ከነእንጨቱ እንድናሳይ ተስማምተናል። እንጨቱን በአጠገቡ ማኖር የእኔ አሳብ ነው፤ ሕዝቡ የተገለበጠውንና የተቃናውን በአንድነት ይይ። እኒያም አባት እንዲመጡ ሰው ልኬባቸዋለሁ። የሚነቅፉት ነገር ቢኖር በሥዕሉ ፊት ቆመው ይናገሩ፤ በዚህ ጊዜ ግን እኔ ዝም አልልም።