የጉና ተዳፋት መሬት አጠቃቀምና የሳይንሳዊ ማስረጃ ሚና

ከደብረ ታቦር ከተማ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ የሚገኘውና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው። በክረምት ከተራራው ታጥቦ የሚወርደው አፈር የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ሐይቅ ይደርሳል። የተራራው ተዳፋት በበኩሉ ገብስና ድንች የሚያመርቱ አርሶ አደሮች መተዳደሪያ በመሆኑ፣ የትኛው መሬት ይታረስ የትኛው ይከለል የሚለው ውሳኔ የቤተሰብ ቀለብን የሚነካ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ለዚህ ውሳኔ መለኪያ ያደረገው ተዳፋትነትን ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ ተዳፋት ያለው መሬት ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራለት ብቻ እንዲሆን፣ ከ60 በመቶ በላይ የሆነው ደግሞ ከእርሻና ከልቅ ግጦሽ ተጠብቆ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት እንዲውል ደንግጎ ነበር። 60 በመቶ ማለት በ10 ሜትር አግድም ርቀት 6 ሜትር መውጣት ነው። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል።

ተዳፋትነት ለአፈር መሸርሸር ዐቢይ ምክንያት መሆኑ አያከራክርም። በ1970ዎቹ ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በወሎ ማይባር፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ሥፍራዎች ዝናብን፣ ጎርፍንና የሚታጠበውን አፈር ሲለካ ቆይቷል። ተመራማሪው ሐንስ ሁርኒ በአገሪቱ ከአንድ ሄክታር የሰብል ማሳ በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። ከፕሮግራሙ ጣቢያዎች አንዱም ግን በደቡብ ጎንደር አልነበረም።

መረጃው ሌላም ነገር ያሳያል። ብዙው አፈር የሚታጠበው በክረምቱ መግቢያ፣ ማሳው ታርሶ ሰብሉ ገና መሬቱን ሳይሸፍን ነው። በጎጃም ደብረ ማዊ የተካሄዱ ጥናቶች ደግሞ ትልልቆቹ ቦረቦሮች ውኃ በጠገበው የሸለቆ ግርጌ፣ ማለትም ሕጉ ብዙም በማይመለከተው ለጥ ያለ መሬት ላይ እንደሚሰፉ አስረድተዋል። ስለሆነም የላይኛውን አርሶ አደር ብቻ ከማሳው ማስለቀቅ የጣናን ደለል በሚጠበቀው መጠን ላይቀንሰው ይችላል። ማሳውን ለሚለቀው ሰው ውሳኔውን በጉና በራሱ በተለካ ማስረጃ ማስረዳት ተገቢ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ የዝናብ መለኪያ፣ በወንዙ ላይ የሚተከል የውኃ ከፍታ ማንበቢያና የደለል ናሙና መውሰጃ ጠርሙስ ነው። ከባዱ ሥራ ለዓመታት ሳያቋርጡ በየዝናቡ መመዝገብ ሲሆን፣ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መኖሩ ይህን ሥራ ከአካባቢው ሳይርቁ ለማከናወን ያስችላል።