ከመቶ ሰማንያ ሲባል መቶው ማን እንደ ሆነ

ከገበሬ ተጠይቆ የተገኘ መልስ በቁጥር ተጽፎ ሲቀርብ ቁጥሩ ራሱ የሚመሰክር ይመስላል። «አዲሱን ዘር ከገዙት ደንበኞች መካከል ከመቶ 80ዎቹ ደስ ብሏቸዋል» የሚል ወረቀት በአንድ የወረዳ ሹም ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ ሹሙ ለሚመጣው ክረምት ስንት ኩንታል እንዲታዘዝ ወዲያው ማሰብ ይጀምራል። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መቶ የተባሉት እነማን ናቸው የሚለው ነው። ይህ ሳይጠየቅ የታዘዘ ዘር በማይስማማው መሬት ላይ ቢዘራ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው ወረቀቱን በጻፈው ሰው ላይ ሳይሆን በገበሬው ጎተራ ላይ ነው።

በዚህ ነገር በአሜሪካ አገር የደረሰውን ማወቅ ይጠቅማል። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1920 እስከ 1932 ዓመተ ምሕረት በተደረጉት 4 የፕሬዚዳንት ምርጫዎች አሸናፊውን አስቀድሞ በመናገሩ እጅግ የታመነ ነበር። በ1936 ለምርጫው ወደ 10 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች የመጠየቂያ ወረቀት ላከ። ተመልሶ የመጣለት ከ2.3 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ከነዚህም 1,293,669ኙ ላንደንን፣ 972,897ቱ ሩዝቬልትን እንደሚመርጡ ጻፉ። ይህ በንጽጽር ሲታይ 4 ለ 3 ያህል ነውና መጽሔቱ ላንደን ያሸንፋል ብሎ አወጀ። የምርጫው ቀን ሲደርስ ግን ሩዝቬልት ከመቶ ወደ 61 የሚጠጋ ድምፅ አግኝቶ ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ፤ በሁለቱ መካከል የነበረው እውነተኛ ንጽጽር 5 ለ 3 ሆኖ፣ ያውም ወደ ሌላው ወገን ተገልብጦ ተገኘ። በዚያው ዓመት ጋለፕ የተባለው ሰው ወደ 50,000 የሚሆኑትን ብቻ አስጠይቆ አሸናፊውን በትክክል ተናግሮ ነበር። መጽሔቱም በ1938 መታተሙን አቆመ።

ሒሳቡ አልተሳሳተም። የተሳሳተው የተጠያቂዎቹ አመራረጥ ነው፤ ስማቸው በብዙ የተወሰደው ከስልክ መዝገብና ከአውቶሞቢል ባለቤቶች መዝገብ ነበርና፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና አውቶሞቢል ያለው ሰው ሀብታም ነው። ከዚህም በላይ ከአራቱ ሦስቱ ዝም ብለዋል። ዝም ያለው ሰው ሐሳብ ከመለሰው ሰው ሐሳብ ጋር አንድ ነው ብሎ መቍጠር ትልቅ ድፍረት ነው።

የአገራችንም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው ዳግመኛ ሊገዛ የመጣውን ነው፤ ዘሩ ያልበቀለለት ሰው ወደዚያ በር ምን ሊያደርግ ይመጣል? ለምሳሌ ያህል ለ500 ገዢዎች ወረቀት ታድሎ 200 ቢመልሱ፣ ከነርሱም 160ዎቹ ደስ ብሎናል ቢሉ፣ ከመቶ 80 የሚለው ቃል ስለ 200ዎቹ እውነት ነው። ስለ 500ዎቹ ግን ሊባል የሚቻለው ይህ ብቻ ነው፤ ዝም ያሉት 300 ሁሉ ቅር ቢላቸው ደስ ያላቸው ከመቶ 32 ይሆናሉ፣ ሁሉም ደስ ቢላቸው ከመቶ 92 ይሆናሉ። ከ32 እስከ 92 ባለው ስፋት ውስጥ ሆኖ 80 ነው ብሎ መማል አይገባም።

ከዚህ የበለጠ ዓይን የሚያሳስት ደግሞ የተለያየ አገር ቁጥር በአንድ ላይ ሲደመር ነው። አዲሱን የበቆሎ ዘር የዘሩ 100፣ ነባሩን የዘሩ 100 ገበሬዎች ተጠየቁ እንበል። አዲሱን ከዘሩት 58ቱ፣ ነባሩን ከዘሩት 72ቱ ደስ ብሎናል ቢሉ፣ ጥድፊያ ያለበት ሹም አዲሱን ዘር ይጥለዋል። ወረቀቱ በየአገሩ ሲከፈል ግን ሌላ ነገር ይታያል። በወይና ደጋው አዲሱን ከዘሩት 20 ሰዎች 18ቱ፣ ነባሩን ከዘሩት 80 ሰዎች 64ቱ ተደስተዋል፤ ይህም ከመቶ 90 እና ከመቶ 80 ነው። በቆላው አዲሱን ከዘሩት 80 ሰዎች 40ው፣ ነባሩን ከዘሩት 20 ሰዎች 8ቱ ተደስተዋል፤ ይህም ከመቶ 50 እና ከመቶ 40 ነው። አዲሱ ዘር በሁለቱም አገር በልጦ ሳለ በድምሩ ያነሰው፣ አብዛኛው ዝናብ ለሚያጥረው ቆላ ስለ ታደለ ብቻ ነው። በየአገሩ እኩል 100 ሰው ቢዘራው ኖሮ፣ በዚሁ ንጽጽር አዲሱ ከ200 ሰው 140፣ ነባሩ 120 ባስደሰተ ነበር።

ይህ የወረቀት ጨዋታ እንዳይመስል፣ በ1986 በእንግሊዝ አገር ስለ ኩላሊት ጠጠር ሕክምና የታተመውን ጥናት ማስታወስ ይበቃል። በቀዶ ጥገና ከታከሙት 350 ሕሙማን 273ቱ፣ በትንሽ ቀዳዳ ጠጠሩን በማውጣት ከታከሙት 350 ደግሞ 289ኙ ድነዋል፤ ሁለተኛው የበለጠ ይመስላል። ነገር ግን ትንሽ ጠጠር ከነበረባቸው በመጀመሪያው ከ87 81፣ በሁለተኛው ከ270 234 ድነዋል፤ ትልቅ ጠጠር ከነበረባቸው በመጀመሪያው ከ263 192፣ በሁለተኛው ከ80 55። በሁለቱም ወገን የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው። ሐኪሞቹ ከባዱን ሕመም ለቀዶ ጥገና ይሰጡ ነበርና፣ ድምሩ የሕመሙን ክብደት በሕክምናው ላይ ጫነው።

ስለ መስፈሪያውም ጥቂት ማለት ይገባል። ጥማድ ማለት በአንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚታረስ መሬት ነውና በመረሬና በቀላል አፈር ስፋቱ አንድ አይሆንም፤ «ከጥማድ ይህን ያህል ኩንታል» የሚሉ ሁለት ወረዳዎች ጥማዳቸው ወደ ሄክታር ሳይመለስ ሊነጻጸሩ አይችሉም።

የአጠያየቁም ነገር እንዲሁ ነው። ዘሩን ያደለው ሠራተኛ ራሱ መጥቶ «ወደድከው ወይ?» ቢል፣ ባላገር እንግዳ ማሳፈር ነውር ስለሚሆንበት «እግዜር ይስጥልን፣ ደኅና ነው» ብሎ ይሸኘዋል። ያ ቃል የጨዋነት ምልክት ነው እንጂ ስለ ዘሩ የተሰጠ ምስክርነት አይደለም። የዘራውን ዘርና ያገባውን እህል መጠየቅ፣ ከዚያም ለከርሞ ያንኑ ዘር በራሱ ገንዘብ ይገዛ እንደ ሆነ መጠየቅ ይሻላል፤ ጠያቂውም ዘር ያላደለ ሌላ ሰው ቢሆን መልካም ነው።

ይህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸውም በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን በገበያ ቀን የተገኘውን 1,000 ሰው ከመጠየቅ፣ ከቀበሌው የአባወራና የእማወራ መዝገብ በዕጣ የወጡትን 60 ሰዎች በየቤታቸው ሄዶ መጠየቅ ድካሙ ያንሳል፣ እምነቱም ይበልጣል። ስለዚህ ከመቶ ይህን ያህል የሚል ወረቀት ወደ በላይ ሲላክ፣ ስንት ሰው እንደ ተመረጠና በምን መንገድ እንደ ተመረጠ፣ ስንቱ እንደ መለሰ፣ ስንቱ ዝም እንዳለ፣ ከመለሱትም ስንቱ በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ እንደሚኖር በዚያው ወረቀት ላይ ቢጻፍ፣ የሚቀበለው ጽሕፈት ቤት ከመቶ ስንት እንደ ሆነ በራሱ እጅ ማስላት ይችላል።