ዘውድ የደፋ የቀረው የፎገራ ወፍ ብቻ ነው

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይል ነበር የዱሮ ሰው። ንጉሥ አደን የሚወጣበትን መሬት መንካትም ሰማይ እንደማረስ ነበር። ለዚህ አዋሽ ምስክር ነው። ፓርክ ከመሆኑ በፊት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአደን ቦታ ነበር። በ1961 ዓ.ም. በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን «የሕዝብ ነው» ተባለ። የትኛው ሕዝብ? ከረዩውና አፋሩ የግጦሽ መሬቱን አጣ። ሳላ ሊያይ የመጣ ቱሪስት ገባ፣ ባለ ግመሉ ውጭ ቀረ! በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ በብዙ ፓርኮች የሆነውን እናውቃለን፤ ዛፉ ተቆረጠ፣ አውሬው ታደነ፣ ንብረቱ ተዘረፈ። ጥበቃው የቆመው በጠመንጃ እንጂ በሕዝብ ፈቃድ ስላልነበረ ነዋ!

ይህን ያነሳሁት ወረታን አስቤ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ረግረጎች አሉ። ክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውሃውን ያቁራሉ፣ በጋ ለፎገራ ከብት ሣር ይሆናሉ። የአውሮፓን ብርድ የሸሹ ወፎች ይከርሙባቸዋል። ራሳቸው ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ የደፉትም እዚያው ናቸው። ዛሬ በአገሩ ዘውድ የደፋ የቀረው እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም!

በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናንና ዙሪያውን በባዮስፌርነት ሲመዘግብ አጨበጨብን። ከዚያስ? ረግረጉ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርት ይጠጣዋል፣ ዳሩ በሩዝ ይታረሳል። ገበሬው ላይ ጣት አልቀስርም። ሩዝ ስንቱን ቤት ቆርቆሮ አልብሷል! እኔ የምጠይቀው ሹማምንቱን ነው። በአንድ አፍ «ምርት ጨምር»፣ በሌላው «ረግረጉን ጠብቅ» ሲባል ገበሬው የትኛውን ይስማ?

አንዳንዱ «አጥረን ዘበኛ እናቁም» ይላል። አይሆንም፤ አዋሽን አይተናል። ይልቅ መንዝ ጓሳን እንይ። እዚያ ንጉሥ አልከለከለም፤ ሕዝቡ ራሱ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲቸግረው እየከፈተ ኖረ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፣ ሕዝቡ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሶታል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ እዚያ አሉ።

እስቲ የሸሸርና የወላላ ሰው ይጠየቅ! ወሰኑን እሱ ያመልክት፣ ሞተር መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ እሱ ይወስን፣ ሣሩንም እሱ ይካፈል። መንግሥትም ለደንቡ ይገዛ። አለዚያ ረግረጉ ያልቅና የባዮስፌሩ ወረቀት ብቻ ቢሮ ተሰቅሎ ይቀራል።

ቸር ይግጠመን!