ማንታ መንታ አይወልድም

ይህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ በየብስ ፍጥረታት ላይ ሲያወጋ ቆይቷል። ዛሬ ወደ ባሕር እንወርዳለን። ምክንያቱም አንድ ተማሪ ነው።

አባቱ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ የ7ኛ ክፍል ልጅ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የመጣ አጭር ፊልም ይዞ መጣ። በፊልሙ ዓሣ አጥማጆች ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ግዙፍ ፍጡር ወደ ጀልባ ሲጎትቱ ይታያል። ከራሱ ግራና ቀኝ ሁለት ቀንድ የመሰለ ነገር ወጥቷል። «ቲቸር፣ የሰይጣን ዓሣ ነው ይላሉ» አለኝ። ስሙ ማንታ መሆኑን ስነግራቸው ደግሞ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። «መንታ ስለሚወልድ ነው?» ጥያቄው ለቀልድ የቀረበ ነበር፤ የዚህ ፍጡር ህልውና ግን በዚያው ቀልድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ስሙን እናስቀድም። «ማንታ» በስፓኝ ቋንቋ ብርድ ልብስ ማለት ነው። «የሰይጣን ዓሣ» የሚለውን የሰጡት መርከበኞች ሲሆኑ ያስፈራቸው ቀንዱ ነበር። ቀንድ የተባለው ግን ቀንድ አይደለም፤ ስስ ክንፍ ነው። ሲበላ ይዘረጋውና ውኃውን ወደ አፉ ይመራበታል፤ ሲጓዝ ይጠቀልለዋል። እንደ ሌሎቹ ጠፍጣፋ ዓሦች በጅራቱ የሚወጋበት እሾህ የለውም፤ ጥርሱም አይናከስም። ምስኪን ፍጡር ክፉ ስም ተሰጥቶት ሲኖር ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

የአካሉን ትልቅነት በጠመኔ ማሳየት ስላልቻልኩ ከትምህርት በኋላ ልጆቹን ይዤ ወደ ደቻቱ አሸዋ ወረድኩ። (በጋ ነበር። የ1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው በክረምት ልጆች ይዞ እዚያ አይወርድም።) ከግዙፉ ማንታ ትልቁን በእርምጃ ለክተን፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 7 ሜትር አድርገን ሣልነው። አሥራ ስድስት ልጆች ጎን ለጎን ተኝተው ሞሉት። ክብደቱ ከአንድ ቶን ሊበልጥ ይችላል። ታዲያ አጥንት የለውም፤ እንደ ሻርክ ሁሉ አካሉን የሚያቆመው የጆሯችንን ቅርጽ የያዘው ዓይነት ልም አጥንት ነው።

ምግቡ ምን ይመስላችኋል? ፕላንክተን የሚባሉ፣ በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። አፉን ከፍቶ ይዋኛል፤ ውኃው በስንጥቡ ሲወጣ ምግቡ ይቀራል። የእኛ የሻይ ማጥለያ ቅጠል ሲበዛበት ይደፈናል፤ የማንታ ማጥለያ ግን አይደፈንም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ምስጢሩን ገልጧል። በስንጥቡ ላይ የተደረደሩት ትናንሽ ቅጠል መሰል ነገሮች ውኃውን ያሽከረክሩታል፤ የምግቡ ቅንጣት ቀዳዳውን ከመግባት ይልቅ ነጥሮ ወደ ጉሮሮ ያልፋል። ከቀዳዳው ያነሰው ቅንጣት እንኳ ሳይቀር ይነጥራል። መሐንዲሶች ይህንን ለፍሳሽ ማጣሪያ ለመቅዳት እያሰቡ ነው።

አንጎሉ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ከዓሦች ሁሉ ትልቅ ከሚባሉት ነው። በሆዱ ላይ ያለው ነጠብጣብ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ አንዱ ስለሚለያይ ተመራማሪዎች በፎቶግራፍ አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። የሰይጣን ዓሣ ከሚባሉት ዘመዶቹ አንደኛው ወደ 2 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት እንደሚጠልቅ እ.ኤ.አ. በ2014 ታውቋል። እዚያ ታች ብርሃን የለም፤ ውኃውም እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ማንታ መንታ የሚወልደው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ደንቡ አንድ ብቻ ነው። እንቁላሉ በሆዷ ውስጥ ይፈለፈልና ግልገሉ ከማኅፀኗ በሚመነጭ ወተት መሰል ፈሳሽ አድጎ፣ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ክንፉ ከአንድ ሜትር በላይ ሆኖ ይወለዳል። ቀጣዩ ግልገል ከሁለት እስከ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። እናቲቱ ራሷ ለመውለድ የምትደርሰው አሥር ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ ዘግይታ ነው።

ይህን ስነግራቸው አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ «እንደ ግመል ነዋ!» አለች። ከእኔ ማብራሪያ የእሷ በለጠ። ግመልም ከ12 እስከ 13 ወር አርግዛ አንድ ትወልዳለች፤ በሁለት ዓመት አንዴ። ፍየሉ በድርቅ ያለቀበት ቤት በጥቂት ዓመት ይተካል። ግመሉ ያለቀበት ምን እንደሚሆን የድሬዳዋ ዙሪያ አርብቶ አደር ጠንቅቆ ያውቃል። ማንታም ከግመል የዘገየ ነው፤ ደግሞም የሚጠብቀው እረኛ የለውም።

የሚገደለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ለቱናና ለሌላ ዓሣ በተጣለ መረብ ሳይፈለግ መያዙ ነው። ሁለተኛው ሆን ተብሎ ስለ ስንጥቡ የሚደረገው አደን ነው። የደረቀው ስንጥብ በተለይ በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ «ደም ያጠራል» እየተባለ በውድ ይሸጣል። መድኃኒትነቱ በሳይንስ አልተረጋገጠም፤ ይልቁንም በምርመራ አርሰኒክና ካድሚየም ተገኝቶበታል። ደም ያጠራል የተባለው መርዝ ይዞ መገኘቱን ልብ በሉ!

ሳይተስ በሚባለው፣ ኢትዮጵያም ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አባል በሆነችበት የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ በ2013 ባንኮክ ላይ ማንታዎች፣ በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ የሰይጣን ዓሣ የተባሉት ዘመዶቻቸው ከቁጥጥር ውጭ እንዳይነገድባቸው ተወሰነ። መረብ ግን ስምምነት አያነብም። ከሕጉ ይልቅ ተስፋ የሚጣልበት ምናልባት ጥቅሙ ነው፤ በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ማንታን ለማየት የሚጓዙ ቱሪስቶች በዓለም ዙሪያ በዓመት 140 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያስገኙ ገምቷል። የስንጥቡ ንግድ 5 ሚሊዮን ገደማ ነበር።

በአካባቢያችን የታወቀው የማንታ ሰፈር ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ያለው የዱንጎናብ ወሽመጥ ነው። በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ግዙፉና አነስተኛው ማንታ ሁለቱም በሱዳን ባሕር ይገኛሉ፤ ከሁለቱ የተወለደ ክልስም እዚያው ታይቷል። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ሱዳን በጦርነት ውስጥ ወድቃለች። ሰው እየሞተ ስለ ዓሣ የሚያወራ ይኖራል ብዬ አልጠብቅም፤ ጠባቂ ያጣ ባሕር ምን እንደሚገጥመው ግን መገመት አያስቸግርም።

«ሐላል ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀኝም ነበር። ፍርዱን ለዑለማዎቻችን ትቼ፣ መበላት መቻሉና ሊበላ የሚችል ያህል መትረፉ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው ብዬ መለስኩለት።

በማግሥቱ ፊልሙን ደግመን አየነው። ወንዱ ከጅራቱ ሥር ሁለት ዘንግ መሰል ነገሮች አሉት፤ በዚያኛው ላይ አልነበሩም። ሴት ነበረች። ልጁ ፊልሙን ለሌሎች እንዳይልክ አልከለከልኩትም። የሚልክ ከሆነ ግን ከሥሩ ስሟንና በስንት ዓመት ስንት እንደምትወልድ ጽፎ እንዲልክ ነገርኩት። እስከ ሚቀጥለው ወር፣ ወሰላም።