ኪሎዋቱ ይስተካከላል፤ ብሩስ?

የኤሌክትሪክ ቆጣሪ አይረሳም። አንባቢው ለሁለት ለሦስት ወር ቢቀርና ቢል ላይ የሚወጣው ቁጥር በግምት ቢሞላ እንኳ፣ ቆጣሪው የቆጠረውን ይዞ ይጠብቃል። ስለዚህ በግምት ቢል ያጉረመረመ ሰው የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፤ «ግድ የለም፣ ሲነበብ ይስተካከላል»። በኪሎዋት ከሆነ እውነት ነው። በብር ግን አይስተካከልም።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ ሰው የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምርበታል። በታኅሣሥ 2011 ታሪፉ ሲከለስ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀሙ የቀድሞው 27 ሳንቲም ገደማ እንዳለ የቀረው፣ ጭማሪው ድሃውን እንዳይነካ ታስቦ ነበር። አሁን ሰሜን ሸዋ፣ አሊዩ አምባ ላይ እንጀራዋን በእንጨት የምትጋግር፣ ለመብራት፣ ለቴሌቪዥንና ለቡና ምድጃ በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት የምትጠቀም አንዲት እናት አለች እንበል። ሁለት ወር ሃያ ሃያ ተብሎ ተገመተላት፤ በሦስተኛው ቆጣሪው ተነበበ። የዚያ ወር ፍጆታዋ 80 ሆኖ ይመጣል፤ ከ50 አልፋ የማታውቅ ሴት የላይኛው እርከን ውስጥ ገባች። ግምቱ ወደ ላይ ቢያዘነብልም አትተርፍም። ስልሳ ስልሳ ተብሎ ቢሞላባት ሁለቱን ወር በውድ ትከፍላለች፤ በሦስተኛው ዜሮ ቢመጣላት ኪሎዋቱ ልክ ነው፣ በውድ የሄደው ብር ግን ሄዷል። በየትኛውም በኩል የምትጎዳው እሷው ናት።

ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። አዲሱ ታሪፍ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ እንዲሄድ የተወሰነ ነው። ኅዳር ላይ የበራ አምፖል የካቲት ላይ ከተነበበ በየትኛው ዋጋ ሊታሰብ ነው? መብራቱ የኅዳር ነው፤ ዋጋው የየካቲት መሆን የለበትም።

ግምት ጨርሶ ይቅር የምል የዋህ አይደለሁም። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንኮበሯ ጎረቤላ ወደ አሊዩ አምባ ደግሞ ገደሉን ተጠማዝዞ መውረድ አለ። ባለፉት ዓመታት በሰሜን ሸዋ መንገድ በጸጥታ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። በእንዲህ ያለ ወቅት አንባቢው ለምን አልመጣም ብሎ መቆጣት ፍርደ ገምድልነት ነው። የካርድ ቆጣሪ የንባቡን ጣጣ ያስቀራል፤ ግን ለሁሉም ቤት እስኪዳረስ ግምቱ አብሮን ይኖራል።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነገር አለ። በግምት የተሞላ ቢል ላይ «ግምት» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ቆጣሪው ሲነበብ ደግሞ የተጠራቀመው ፍጆታ ላልተነበቡት ወራት ተካፍሎ፣ እያንዳንዱ በራሱ ወር እርከንና ዋጋ ይታሰብ። ለኮምፒውተር ይህ ማካፈልና ማባዛት ነው። ብሪታንያ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ12 ወር በፊት ለተበላ መብራት በደንበኛው ስህተት ካልሆነ በቀር ወደ ኋላ ተመልሶ ማስከፈልን ከልክላለች፤ እኛ ዘንድም ገደብ ቢበጅ ክፋት የለውም።

ንባቡንስ ደንበኛው ራሱ ቢያመጣ? አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሐረርና የአፋር ነጋዴ ከሸዋው ጋር የሚገናኝባት፣ በዓርብ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ነበረች። ሰው በሚሰበሰብበት ቀን አንድ ሠራተኛ ጠረጴዛ ይዞ ቢቀመጥና የቆጣሪ ፎቶ ቢቀበል፣ የአንድ ወር ንባብ ከእኩለ ቀን በፊት ግማሹ ያልቃል።

ከሁሉ የሚያሳስቡኝ ተከራዮች ናቸው። በግምት የተድበሰበሰውን ፍጆታ የበላው ሰው ለቆ ሄዶ፣ ልዩነቱ ገና ሻንጣውን ባልፈታው አዲስ ተከራይ ላይ ይወድቃል። አከራዩም ተከራዩም ቤት ሲለቀቅና ሲያዝ ቁጥሩን አብረው አይተው ፎቶ ያንሱ፤ ውሉ ላይም ይስፈር።